እጅሽ ይባረክ! ውስጥ እግሩን ለሚያቃጥለው ሰው ሁሉ

ይህን የምጽፈው አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ለማመስገን ነው። እንደ እኔ የሚሰቃይ ካለም ይጠቀም።

ውስጥ እግሬ ይነድዳል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ሲመሽ ደግሞ ይብስበታል። አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም ነበር። ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ተረከዝሽ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ሌላው ጋ ተረከዜ ላይ መርፌ ተወጋሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «ጭንቀት ነው፣ አታካብጂ» መባሌ ነው። እየተሰቃዩ እንደ ቀበጥ መታየት እንዴት ያማል! ገንዘቡስ ይሁን፣ ያን ሁሉ እንቅልፍ ማን ይመልስልኛል?

ይህቺ ልጅ ግን መጀመሪያ አስጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ ካልሲዬን በራሷ እጅ አወለቀችልኝ። አስቁማ አየችኝ፣ አስተኝታም አየችኝ። በውስጥ በኩል ካለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ በጣቷ ጫፍ መታ መታ ስታደርገው እስከ አውራ ጣቴ ድረስ ነዘረኝ። ጮህኩ። «አይዞሽ የኔ እህት፣ አገኘነው» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ለካ የሚያምነኝ ሰው ናፍቆኝ ኖሯል።

ነርቩ እዚያ ጋ በጠባብ መተላለፊያ ነው የሚያልፈው አለች። ሲጨናነቅበት ጣጣው ውስጥ እግር ላይ ይወጣል። ታርሳል ተነል ሲንድረም ይባላል። በስዕል ያሳየችኝ ሁሉ ገብቶኛል አልልም፤ እግሬ ጠፍጣፋ መሆኑ እንዳባባሰው ግን ገባኝ። ለነርቭ ምርመራ ወደ ሐኪም ላከችኝ። ከዚያ ጫማዬ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ አሠራችልኝ፣ እንቅስቃሴ አስተማረችኝ፣ ብዙ መቆም ቀንሺ አለችኝ። ኦፕሬሽንም እንዳለ አልደበቀችኝም፣ ግን በእሱ አላስፈራራችኝም። ነርቭ የሚያገግመው ቀስ እያለ ነው ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እንዳለችውም ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ዛሬ ሌሊቱን እተኛለሁ። ተመስገን!

እባካችሁ፣ ውስጥ እግራችሁ የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ከሆነ ችላ አትበሉት። በተለይ ስኳር ያለባችሁ፣ ቶሎ ታዩ። ለተረከዝ ታክማችሁ ካልተሻላችሁ «ቁርጭምጭሚቴ ጋ ያለው ነርቭ ይታይልኝ» በሉ፣ አትፈሩ። የእሷን አድራሻ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ። ሂዱ፣ አትዘግዩ!

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናቴም በየጸሎቷ ታነሳሻለች።