አንድ ሲኒ ውሃ፦ ከ“ፖርተብል” ኮምፕረሰሬ ጋር ስምንት ወር

ከአየር ውስጥ ውሃ ማውጣት እንጀራዬ ነው። ዱባይ ውስጥ የኤሲ ቴክኒሻን ነኝ፤ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ስጠግን ነው የምውለው። እና እኔው ራሴ፣ አየር ውሃ እንደሚሸከም ረስቼ፣ ከአስር ሺህ ድርሃም በላይ የወጣበት፣ ለጠላቂዎች አየር የሚሞላ ማሽን ገዛሁ። ብትስቁብኝ አልፈርድባችሁም።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችንም ዋና የለመድነው ዕድሜያችን ሠላሳ ካለፈ በኋላ፣ እዚሁ ነው። እሁድ ሲሆን ለመጥለቅ ፉጃይራ እንወርዳለን። አል አቃ ላይ ስኑፒ ደሴት የሚሏት ከባህሩ ዳር ብዙ ያልራቀች ድንጋያማ ደሴት አለች፤ ዙሪያዋን ኤሊ አይጠፋም። ውሃ ውስጥ የምንተነፍስበትን የአየር ሲሊንደር ለማስሞላት ግን ወረፋ አለ፣ ከዚያ ደግሞ የሚሞላው ሰውዬ የምሳ ሰዓት አለ። “የራሳችን ኮምፕረሰር ቢኖረንስ?” ተባባልን። የእቁባችንን ብር ለዚሁ አዋልነውና ታኅሣሥ ላይ ገዛን።

አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ስነግረው “ጎሚስታ ጋ አትሞሉትም እንዴ?” አለኝ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ግፊቱ አስር ባር አካባቢ ነው። የእኛ ሲሊንደር 200 ባር ይፈልጋል። በዚያ ላይ የጎሚስታው አየር የሚገባው ጎማ ውስጥ ነው፤ ይሄኛው ሳንባ ውስጥ።

ሻጩ “ፖርተብል ነው፣ ሐቢቢ” አለን። አርባ ኪሎ ነው። እጀታ ስላለው ብቻ ፖርተብል ከተባለ፣ ፍሪጅም እጀታ አለው። እኛ ጋ ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ ሦስተኛው “ቀስ! ቀስ!” ይላል። ይሄን ግን ይቅር ብየዋለሁ። በደቂቃ 100 ሊትር ይሞላል ያለውም እውነት ነው። የ11 ሊትር ሲሊንደር ከባዶ ተነስቶ 200 ባር ለመድረስ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። እስከ ግንቦት ድረስ አንድም ቀን አላስቸገረንም፤ ስለዚያ ጊዜ የምለው የለኝም።

ሐምሌ መጣ።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሲሊንደር ሞልተን ሦስተኛው ላይ ነን። ጓደኛዬ የአንደኛውን ቫልቭ ትንሽ ከፈት አድርጎ አሸተተና ፊቱን አኮሳተረ። “ጋራዥ ጋራዥ ይላል” አለኝ። እኔም አሸተትኩ። ጥሩ አየር ምንም ሊሸት አይገባውም። ይሄ የሞቀ ዘይት ይሸታል። ማሽኑን አጠፋን፣ ግፊቱን አስተነፈስን፣ አየሩን የሚያጣራውን የፊልተሩን ክዳን ፈታሁት።

ካርትሪጁን፣ ውስጡ የሚገባውን ተቀያሪ ማጣሪያ፣ ሳወጣ እጄ ረጠበ። ከታች በኩል ያለው ስፖንጅ ውሃ ያንጠባጥባል። ደረቅ መሆን የነበረባቸው ትናንሽ እንክብሎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ስነካቸው እንደ እርጥብ ጨው ጣቴ ላይ ቀሩ። ገና 11 ሰዓት የሠራ ካርትሪጅ ነው። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው 20 ሰዓት ነው።

ማታ ቤት ገብቼ መመሪያውን አወጣሁ። 20 ሰዓት የተባለው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈ ሰንጠረዥ አለ፤ 40 ዲግሪ ላይ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ምክንያቱን እኔ ነበርኩ ለሰው ማስረዳት የነበረብኝ። እርጥበት የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 20 ዲግሪ ላይ 17 ግራም ውሃ ይይዛል፤ 40 ዲግሪ ላይ 51 ግራም። ልክ ሦስት እጥፍ። ደግሞ የሚቆጠረው ፊልተሩ ጋ የሚደርሰው አየር ሙቀት ነው፤ እሱ ተጨምቆ ስለሚመጣ ከውጪው አየርም ይብሳል።

ሌላም ሒሳብ ሠራሁ፣ ለእልህ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 ከመቶ በሆነበት ጠዋት አንድ ሜትር ኩብ አየር 28 ግራም ያህል ውሃ አለው። ባዶ ሲሊንደር ለመሙላት 2.2 ሜትር ኩብ ይገባል። 60 ግራም። አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ማለት ነው፣ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር! አብዛኛውን በየአስር ደቂቃው የማስወጫውን ቫልቭ እየከፈትን እናፈሰዋለን፤ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ማኪያቶ መስሎ ነው የሚወጣው። በእንፋሎት መልክ የሚያመልጠውን ግን ፊልተሩ ነው የሚጠጣው።

አሁን ሻጩ ቢሰማኝ “መመሪያው ላይ እኮ አለ፣ ሐቢቢ” ይለኛል። አለ። ግን ወንድሜ፣ ይሄን ዕቃ ስትሸጥልኝ የት አገር የምጠቀምበት መስሎህ ነበር? ስዊድን? “ስንት ሰዓት ይሠራል?” ብዬ ጠይቄሃለሁ። “ሃያ” አልከኝ፣ ዓይንህን ሳታሽ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ የሱቅህ ኤሲ 20 ዲግሪ ላይ ነበር። በመላው ኤምሬትስ ያ ቁጥር የሚሠራው እዚያች ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው።

“ትንሽ እርጥበት ምን ያደርጋል?” የሚለኝ አይጠፋም። ሲሊንደሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ እሱ አንድ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ማሽን በቤንዚን ነው የሚሠራው። ማርሚታውና አየር መሳቢያው ያሉት አንድ ማሽን ላይ ነው። የመሳቢያውን ቱቦ አርዝመን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል እንሰቅለዋለን፤ ነፋስ ግን ይዞራል፣ ጭሱንም ወደ መሳቢያው ይመልሰዋል። ለዚያ መጠባበቂያ ተብሎ ካርትሪጁ ውስጥ ሆፕካላይት የሚባል ነገር አለ፤ ጭሱ ውስጥ ያለውን መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። ሆፕካላይት ከረጠበ ሥራውን ያቆማል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። ዘይቱ ባይሸት ኖሮ እኛም ምንም አናውቅም ነበር። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ የመርዙም ጉልበት እንደዚያው። የአውሮፓው የመተንፈሻ አየር ደረጃ ከ5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አምስት እጅ) በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይፈቅድም። እኛ ያን ቀን ስንት ላይ እንደነበርን የምናይበት መለኪያ አልነበረንም። አሁን ገዝተናል፤ እሱም ገንዘብ ነው።

ሲሊንደሮቹን በሙሉ አስተነፈስናቸው። ያን ቀን አልጠለቅንም። ጥብስ በልተን ተመለስን።

ዛሬ የምገዛ ብሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነበር የምወስደው። ባህር ዳር ሶኬት የለም አልን እንጂ፣ ቅዳሜ ማታ ቤት ሞልቶ መሄድ ይቻል ነበር። ፊልተሩም ተለቅ ያለ ሞዴል ነበረ፤ “ለእናንተ ይበዛል” ተብለን ተውነው። አልበዛም ነበር። አሁን ካርትሪጁን ስድስት ሰዓት በሠራ ቁጥር እንቀይራለን፤ የገባበትን ቀን ክዳኑ ላይ በለጠፍነው ፕላስተር እጽፋለሁ። በዚህ ሙቀት የሙሌት ወጪያችን ድሮ ወረፋ ጠብቀን ከምንከፍለው በልጧል፤ ይሄን ለሚስቴ አልነገርኳትም።

ማሽኑ በረንዳ ላይ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። ጓደኛዬ “እንሽጠው” ይላል። እኔ ኅዳር ይግባና እንነጋገራለን አልኩት፤ ብርድ ላይ ጎበዝ ነው እኮ። ባለፈው ዋጋ ጠይቆኝ የሄደ ሰው አለ። ስልክ ቁጥሩን አላጠፋሁትም።