ጥንዚዛን ከዛፍ ማርገፍ ወይስ ከመሬት ማጥመድ?

በላቲን አሜሪካ ደኖች ጥንዚዛ የሚያጠኑ ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ሁለቱን ላወዳድር።

አንዱ ወደ ዛፉ አናት መርጨት ነው። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም የነፍሳት ተመራማሪ ቴሪ ኧርዊን ፓናማ ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት የፀረ ተባይ ጭጋግ ወደ ቅርንጫፎቹ ይለቀቃል። ነፍሳቱ ከስር ወደተዘረጋው ማጠራቀሚያ ይረግፋሉ። ከአንድ ዓይነት 19 ዛፎች ብቻ ወደ 1,200 የሚጠጉ የጥንዚዛ ዝርያዎች ተገኙ! ኧርዊን ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1982 በሐሩር ደኖች 30 ሚሊዮን የአርትሮፖድ (እንደ ነፍሳትና ሸረሪት ያሉ ባለ መገጣጠሚያ እግር እንስሳት) ዝርያ ሊኖር ይችላል አለ። የኋላ ግምቶች ከዚህ በጣም ያንሳሉ። በምድር ላይ ስንት ዝርያ አለ የሚለውን ጥያቄ ግን እሱ አቀጣጠለው።

ሌላው የጉድጓድ ወጥመድ ነው። ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ ይቀበራል፣ ከላዩ እበት ይንጠለጠላል። የእበት ጥንዚዛዎች ሽታውን ተከትለው ይመጡና ዘው ይላሉ። ርካሽ ነው፤ የተመነጠረን ደን ካልተነካው ጋር ለማነጻጸርም ይመቻል። የዛፍ አናት ነዋሪዎችን ግን አያገኝም።

አዲስ ዝርያ ለሚፈልግ ጭጋጉን የሚያህል የለም። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ብዙዎቹ ጥንዚዛዎች የሚለዩት የወንዱ ብልት ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ይህን የሚችል ባለሙያ ደግሞ ጥቂት ነው። ለጀማሪ ተማሪ እኔ ኩባያውን እመርጣለሁ።