በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ምርጫ፦ የአስፋልት፣ የቅይጥ እና የጭቃ ጎማ ንጽጽር

በባሕር ዳር የሚኖር ሞተረኛ የኋላ ጎማው ሲያልቅበት የሚያስጨንቀው ምርጫ፣ ከአስፋልት የማይወጣ ሰው ከሚያደርገው ምርጫ ይለያል። ጠዋት ከተማውን በአስፋልትና በኮብልስቶን አቋርጦ የወጣ ሰው ረፋዱ ላይ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያስገባ ፒስታ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ወሩ ሐምሌ ሆኖ ጉዞው ወደ ፎገራ ሜዳ ከሆነ ደግሞ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ዋልካ (ውኃ ሲጠጣ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር) ውስጥ ይገባል። በባሕር ዳር ዙሪያ በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ በመሆኑ፣ ያው መንገድ በጥርና በነሐሴ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይሆናል።

ስለዚህ የአስፋልቱን፣ የቅይጡንና የጭቃውን ጎማ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ለንጽጽሩ ያሰብኋቸው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ጉልበት ያላቸው፣ ቸርኬያቸው በራጂ (በቀጫጭን የሽቦ ዘንጎች) የተወጠረና ከመነዳሪ (ንፋስ የሚሞላ የውስጥ ላስቲክ) የሚገባባቸው ሞተሮች ናቸው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ ዕቃ አመላላሹና ነጋዴው በብዛት የሚነዱት እንዲህ ያለውን ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጎማ መመረጥ ያለበት በዓመት አንዴና ሁለቴ በሚያጋጥም ክፉ ቦታ ሳይሆን አብዛኛው ኪሎ ሜትር በሚያልፍበት መሬት ነው። በእኔ አመለካከት ለዚህ ደንብ አንድ ማፈንገጫ ብቻ አለው፤ እርሱም የክረምት ዋልካ ነው። ምክንያቱ ከዚህ በታች ይመጣል።

የአስፋልት ጎማ ጥርሱ አጭር፣ ቦዩ ጠባብ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሰፊው የላስቲኩ ገጽ መሬት ይነካል። በአስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይቆማል፣ ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ሞተሩን ስለማያስጨንቅ ነዳጅ ይቆጥባል። ዕድሜውም ረጅም ነው፤ እንደ ጭነቱና እንደ አነዳዱ ቢለያይም 10,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ማገልገሉ የተለመደ ነው። ደረቅ ፒስታ ላይም ቢሆን ሰዎች እንደሚያሙት መጥፎ አይደለም፤ ሞተረኛው ፍጥነቱን ከቀነሰና ኩርባ ላይ ፍሬን ከመያዝ ከተቆጠበ ያለ ችግር ያደርሳል። ድክመቱ የሚገለጠው ልቅ ጠጠር በተከመረበት ቦታና በጭቃ ላይ ነው።

የጭቃ ጎማ በተቃራኒው ረጃጅምና እርስ በርሳቸው የተራራቁ ጥርሶች አሉት። አዲስ ሲሆን የጥርሱ ቁመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ጥቅሙን በትክክል ለመረዳት ዋልካ ጎማ ላይ የሚሠራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ በሚዘራበት ጥቁር መሬት ላይ፣ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥና የሚጣበቅ ሸክላማ ነው። የአስፋልት ጎማ እዚያ ሲገባ በጥቂት ዙር ውስጥ ጠባብ ቦዮቹ ይደፈናሉ፣ ጎማውም ጥርስ እንደሌለው ልሙጥ ነገር ይሽከረከራል። ቀጥሎ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል እየተጠቀጠቀ ይሄዳል፤ ገለባና ሣር ሲቀላቀልበት ይጠነክራል፤ በመጨረሻ ጎማው ጨርሶ መዞር ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ሞተረኛው ወርዶ በእንጨት መፈልፈል እንጂ ነዳጅ መስጠት አያዋጣውም። የጭቃ ጎማ ግን ጥርሶቹ ስለተራራቁና በሚዞሩበት ጊዜ ስለሚታጠፉ ጭቃውን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ጥርሱም ከላዩ ልስልስ ጭቃ ሥር ያለውን ጠንከር ያለ መሬት የመቆንጠጥ ዕድል ያገኛል። በሌሎች መንገዶች ላይ በጎማዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የምቾትና የፍጥነት ጉዳይ ሲሆን፣ በዋልካ ላይ ግን የመድረስና ያለመድረስ ጉዳይ ነው። ማፈንገጫ ያልሁት ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጎማ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። አስፋልት ላይ መሬት የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ የሚፈጀው ርቀት ይረዝማል፣ ኩርባ ላይም ጥርሱ ሲታጠፍ ሞተሩ የሚወላገድ ይመስላል። ከሁሉ የከፋው ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ነው፤ ልሙጥ ድንጋይና ጥቂት የላስቲክ ጫፍ ሲገናኙ የሚይዘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ በጋለ አስፋልት ላይ በፍጥነት ያልቃል፤ ዘወትር ባሕር ዳርና ወረታ መካከል በአስፋልት የሚመላለስ ሰው የጭቃ ጎማ ቢገጥም በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ የመሀለኛው ረድፍ ጥርስ ተበልቶ የጎኖቹ ብቻ ቆመው ያገኛቸዋል። ያን ጊዜ ጎማው ለጭቃም ለአስፋልትም አይሆንም።

ቅይጡ ጎማ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ጥርሱ ሰፋፊና መካከለኛ ቁመት ያለው ሲሆን በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአስፋልቱ ይሰፋል፣ ከጭቃው ይጠባል። ለጠጠር፣ ለአቧራ፣ ለቀይ አፈርና ለኮረኮንች መንገድ እጅግ ተስማሚ ነው። በዘጌ የቡና ደን ውስጥ እንዳሉት፣ ሥርና ድንጋይ በሚበዛባቸው ጠባብ መንገዶች ላይም በዝግታ ከተነዳ ያስተማምናል። ነገር ግን «ቅይጥ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የአስፋልት ጎማ ሆኖ ሳለ ለመልክ ያህል የጠለቀ መስመር የተሠራለት ሲሆን፣ ሌላው በእውነት ግማሽ በግማሽ ለሁለቱም መንገድ የታሰበ ነው። ገዢው ለመለየት የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ፦ አውራ ጣቱን በሁለት ጥርሶች መካከል ያስገባ። ጣቱ ገብቶ ወለሉን ከነካ ክፍተቱ ጭቃ ለማራገፍ ይበቃል፤ ካልገባ ጎማው ለፒስታ እንጂ ለጭቃ አይሆንም።

ሦስቱን በዋጋ ሲያነጻጽሩ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ መመልከት ያሳስታል። ትክክለኛው ስሌት ዋጋውን ጎማው ሊሄድ ለሚችለው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት የአስፋልቱ ጎማ ብዙውን ጊዜ ርካሽ፣ የጭቃው ውድ ሆኖ ይገኛል። ቅይጡ ግን ሲገዛ ከአስፋልቱ ቢወደድም፣ ጥሩ ላስቲክ ከሆነ ልዩነቱን በፒስታ ላይ በሚያሳየው አያያዝ ይመልሳል።

ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። 3.00-18 ከተባለ ስፋቱ 3 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 18 ኢንች ነው ማለት ነው። 110/90-17 ከተባለ ደግሞ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ፣ ማለትም 99 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬውም 17 ኢንች ነው። ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላቸውና ከፋብሪካው ልክ በላይ የሚያስገጥሙ ብዙዎች ናቸው፤ ለዚህ አካባቢ ይህን አልመክርም። የሰፋ ጎማ ካቴናውን ወይም ፓራፋንጎውን ይነካል፣ በመካከል ያለውን ክፍተት ስለሚያጠበውም ከላይ የተነገረው የጭቃ መጠቅጠቅ ቶሎ ይደርሳል፤ ቁመቱ ከጨመረ ደግሞ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ እንደ ቀድሞው አይጎትትም።

ከልኩ ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥርና ፊደል ስለ ጭነትና ፍጥነት ይናገራል። 57 ማለት ጎማው በተገቢው ንፋስ 230 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ 62 ማለት 265 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ ፒ የተባለው የላቲን ፊደል በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር፣ ኤል የተባለው እስከ 120 ኪሎ ሜትር መነዳት መቻሉን ያመለክታል። በእኛ መንገድ የፍጥነቱ ፊደል ብዙም አያሳስብም፤ የጭነቱ ቁጥር ግን ሰውና ኩንታል ደርበው ለሚጭኑ ሁሉ ወሳኝ ነው። 4ፒአር ወይም 6ፒአር የሚለው ምልክት የጎማውን የጥንካሬ ደረጃ የሚያሳይ ሲሆን፣ ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ከፍተኛው ይመረጣል። በጎኑ ላይ የሚታየው ቀስት ጎማው ወደፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ስለሚያመለክት፣ ጎሚስታው ገልብጦ እንዳይገጥመው ቆሞ መመልከት ተገቢ ነው።

የተመረተበት ጊዜ ደግሞ በአራት አኃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ አቆጣጠሩም የፈረንጆች ነው። ለምሳሌ 1023 የሚል ቢገኝ በ2023 ዓ.ም. 10ኛ ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የካቲት አልቆ መጋቢት ሲጀምር የተመረተ ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ስለዚህ ለዓመታት ፀሐይ በሚመታው በር ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ሙሉ ዋጋ አይገባውም። በቦዮቹ ሥር ያለውን ላስቲክ ለጠጥ አድርጎ የተሰነጣጠቀ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠቅጥቆ የተጓጓዘ ጎማ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ ተጣሞ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው ሽቦም ሊጎዳ ይችላል። ገዢው ጎማውን በጠፍጣፋ ወለል ላይ አስተኝቶ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን ቢያረጋግጥ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ስለ ከመነዳሪ ሳይነገር የጎማ ንጽጽር ሙሉ አይሆንም። አዲስ ጎማ ገዝቶ አሮጌውን ከመነዳሪ መልሶ ማስገባት በጣም የተለመደ ነው፤ ጉዳቱም በጣም የታወቀ ነው። ያረጀ ከመነዳሪ ተለጥጦ ስለሚሰፋ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ቦታም እየተፋተገ ይቀደዳል። በቡታይል ላስቲክ የተሠራው ከመነዳሪ በተፈጥሮ ላስቲክ ከተሠራው ይልቅ ንፋስ ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ በየሳምንቱ ንፋስ መሙላት ለማይመቸው የገጠር ሠራተኛ ይህ ይሻላል። የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶም ከተበላ አብሮ መቀየር አለበት።

የተበሳ ከመነዳሪ ራሱ ጠቋሚ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከተገኘበት ንፋሱ አንሶ ሳለ ድንጋይ መቶት በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቀርጥፏል። በቫልቩ ሥር ከተቀደደ ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ይዞት ዞሯል ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው በጭቃ ጎማ ላይ ይበዛል፤ ጭቃ ላይ የተሻለ እንዲይዝ ብለው ንፋሱን ከልክ በላይ የሚያጎድሉ ሰዎች የሚደርስባቸው ይኸው ነው። ንፋስ መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ለጭቃ ተብሎ የተቀነሰውም አስፋልት ከመድረሱ በፊት ሊሞላ ይገባል።

እንግዲህ ለማን የትኛው? ከከተማው እምብዛም የማይወጣ፣ ሲወጣም በጎንደር ወይም በመራዊ አቅጣጫ በአስፋልት ለሚጓዝ ሰው የአስፋልት ጎማ ይበቃዋል፤ ቅይጥ ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል ባልልም የሚጠቀምበት ቀን ጥቂት ነው። ሥራው በየቀኑ ከአስፋልት ወደ ፒስታ ለሚያወጣው ሰው ቅይጡን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የዚህ አካባቢ ሞተረኛ አብዛኛው ከዚህ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ክረምቱን በፎገራ፣ በደራ ወይም ሌላ ዋልካ በበዛበት ቀበሌ ለሚሠራ ባለሙያ ግን የጭቃ ጎማ ቅንጦት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ጎማ የሚገዛለት ከሆነ ይህን ለይቶ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሞተሮቹ ለጣቢያና ለወረዳ ሳይለዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ሲታደላቸው ማየት ያሳዝናል።

በጀቱ ለአንድ ጎማ ብቻ ከሆነና የፊቱም ያለቀ ከሆነ ቅድሚያ ለፊተኛው ይሰጥ። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሞተረኛው ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ማቃናት ይችላል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን ሳያስበው ይወድቃል። ሁለቱም አዲስ ቢሆኑ እንኳ የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ረጋ ብሎ መንዳት ይገባል፤ አዲስ ላስቲክ ገጹ እስኪሻክር ድረስ ያንሸራትታል።

አቅሙ ለሚፈቅድለት የወረዳ ሠራተኛ ሁለት የኋላ ጎማ ይዞ በሰኔ የጭቃውን፣ መሬቱ ሲጠነክር በኅዳር ቅይጡን መግጠም ከሁሉ ይሻላል፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጎማ መግዛት ቢከብድም እያንዳንዱ የሚሠራው ወራቱን ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ይቆያሉ። ተራውን የሚጠብቀው ጎማ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ከቤንዚንና ከዘይት ርቆ ይቀመጥ፤ ከባድ ዕቃም አይጫንበት።