ኮምቦልቻ ላይ መሬቱን ውሃ ላጠጣልን ልጅ

ይሄን ጽሁፍ ከሠርጉ በተመለስኩ ማግስት ልጽፈው ነበር። ሥራ ያዘኝና ሦስት ሳምንት አለፈ። እማዬ በየቀኑ "ጻፍሽለት?" ትለኛለች። ዛሬ ቡናዋን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሳልጨርስ የምታስነሳኝ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ ጥር ላይ ሐይቅ ተዳረች። እማዬ የሐይቅ ልጅ ናት። ከዚያ ከወጣች አርባ ዓመት አልፏታል። ጉልበቷ እንደ ድሮው ስላልሆነ አውቶቡስ አትችልም። "በመኪናዬ እወስድሻለሁ" አልኳት። መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለክል እንደ ብዙው ሰው እኔም ወደዚህ ዞርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀን አላስለቀሰችኝም። ማታ ግቢ ውስጥ እሰካታለሁ፣ ጠዋት ሞልታ አገኛታለሁ፣ የማደያውን ሰልፍ በመስኮት እያየሁ አልፋለሁ።

ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐይቅ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ደምሮ ቀንሶ "መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድረን ከሞላናት ትበቃለች" አለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። የሆቴሉን ሰዎች አልደመረም እንጂ።

ያደርንበትን ሆቴል ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። ደውዬ ጠይቄ ነው የሄድኩት። "ቻርጅ ማድረጊያ አላችሁ?" "አለን፣ ችግር የለም።" ለካ ማድረጊያ ያሉት የጥበቃው ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ሶኬት ናት። ይሁን ብለን ሰካን። ለእሷ ከአልጋው ዋጋ ሌላ ለብቻ አስከፈሉኝ። ጠዋት ስነሳ 58 ከመቶ የነበረው ባትሪ 63 ሆኗል። ጥበቃው ሌሊት ብርድ ሲበረታበት የኛን ነቅሎ ምድጃውን ሰክቷል። በሱ አልፈርድም፤ ብርዱ የእውነት ብርድ ነበር። ያበሸቀችኝ ሒሳብ ተቀባይዋ ናት። ብሬን መልሺልኝ ስላት "እኛ ሶኬት ነው ያከራየንሽ፣ መብራት አይደለም" አለችኝ። እስኪ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ቁልቁለቱ አዳነን። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር ባትሪው በመቀነስ ፈንታ ይጨምር ጀመር። እማዬ አላመነችም። "ሳይሰካ?" ስትወርድ ራሷን ትሞላለች አልናት። "እንዲያ ከሆነ ምነው አገሩ ሁሉ ቁልቁለት በሆነ" አለች። ከዚያ ወዲያ ግን ሜዳው በላን። ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ሲብስ እማዬን እያየሁ ኤሲውን ማጥፋት አልሆነልኝም። ኮምቦልቻ ስንገባ 9 ከመቶ ቀረን።

አገሩን የሚያውቅ ከፊታችን ምን እንዳለ ያውቃል። ደሴ ቅርብ ናት፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። መሀሉ ላይ ግን ሐረጎ አለ። ጥምዝምዝ፣ ሽቅብ፣ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት። በ9 ከመቶ አይሞከርም።

አንድ ጋራዥ ገባን። ይሄንንም አልጠራውም። አንዱ ልጅ መኪናዋን ዞሮ አየና "ይቺማ ስልክ ናት እንጂ መኪና አይደለችም" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ቻርጀሩን ሰካን። ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ አለ። ሌላ ሶኬት ሞከርን፤ ቀይ። ልጁ ለሆነ ሰው ደወለ። ከዚያ "ቻርጅ መቀበያዋ ተቃጥሏል" አለኝ። ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል፣ 25 ሺህ ብር ነው፣ ግማሹ አሁን። እኔ ስለ መኪና የማውቀው መሪ መያዝ ብቻ ነው። ብር ልልክ ስልኬን ከፍቼ ነበር። በር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። "እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት አንድ የመብራት ሰው አለ፣ እሱን አሳዪው" አለችኝ ቀስ ብላ። ቁጥሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። ምስጋናዬ ይድረሳት። ነገም እዚያው በር ላይ ቡናዋን እንድትሸጥ ስለምፈልግ ቦታውን አልናገርም።

በሞተር መጣ። ዕድሜው አርባ ቤት የገባ፣ ቀጭን ሰው ነው። ልጅ የምለው እማዬ "ያ ልጅ" ስለምትለው ነው። መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከደረት ኪሱ ቴስተር አውጥቶ ሶኬቱ ውስጥ ከተተ። ከቦርሳው ሌላ ሽቦ ያለው ዕቃ አወጣ፣ ለካ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

"መኪናሽ ደህና ናት" አለኝ። "የታመመው ግድግዳው ነው።"

ግራውንድ የሚባል ሽቦ አለ አሉ። እሱ ከሌለ ቻርጀሩ ሰው እንዳይዝ ብሎ ራሱ እምቢ ይላል። ከዚህ በላይ እንዳትጠይቁኝ። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሰው ጸጥ አለ። እኔ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ፊቴን አይቶ ነው መሰል "አብሽሪ፣ ቤቴ ቅርብ ነው" አለና ከፊት ከፊታችን በሞተሩ እየመራ ወሰደን።

ቤቱ ደረስን። በሩ አጠገብ ያለው የሥራ ሶኬቱ ላይ ሰካ። ቀይ።

በቃ አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ቁና ተንፍሶ መሬቱን ያይ ጀመር። ግድግዳው ሥር አንድ ብረት ተቀብሮ ጫፉ ብቅ ብሏል፤ አጠገቡ ያለው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ዝናብ ካየ ቆየ እኮ" አለ ለራሱ። ልጁን ጠራት። የሰባት ዓመት ብትሆን ነው። ግማሽ ውሃ ያለባት ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጇ እየጎተተች መጣች። ተቀብሏት ብረቱ ሥር ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። አፈሩ ጭጭ አድርጎ ጠጣው። ደገመ።

እማዬ ከመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ "ምን ተክሎ ነው?" አለችኝ።

ተመልሶ ሰካ። ቀይ በራ፣ ጠፋ፣ ቀይ በራ፣ ጠፋ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ልጅቷ አጨበጨበች። እኔ ደግሞ ሳላስበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እርጥብ መሬት የተሻለ ግራውንድ ይሆናል ብሎ አስረዳኝ፤ እሺ እሺ አልኩት፣ አልገባኝም።

እማዬ ጨዋታ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። ልጅ ሳለች በጭነት መኪና ሐረጎን ሲወጡ ሞተሩ ፈልቶ ቆሞባቸው ነበር። ሾፌሩ ተሳፋሪውን አውርዶ ውሃ ፍለጋ ላከ፤ እሷም በቅል ተሸክማ አመጣች። "ያኔም ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ?" አለች። ሰውየው ከልቡ ሳቀ።

ደሴን ለመድረስ ብቻ እንኳን ቻርጁ ብዙ ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በሌሊት ደግሞ ሐረጎን ባንወጣ እንደሚሻል ነገረን። "መኪናዋ እዚህ ትደር፣ እናንተ ተኙ።" ለማላውቀው ሰው ቁልፍ ሰጥቼ ልሄድ? ሁለት ቦታ ተታልዬ ነው የመጣሁት። እማዬን አየኋት። "ስጪው" አለች።

ከመሄዳችን በፊት ግን ያለ ራት የሚለቁን አልሆኑም። ቀኑ ዓርብ ነው፤ እማዬ ጾመኛ ናት። እነሱ ሙስሊም ናቸው። ሚስቱ ሳትጠየቅ የዘይት ሽሮ ለብቻ ሠርታ "እማማ፣ ድስቱም ሥጋ ያልገባበት ነው፣ አብሽሩ" ብላ አቀረበች። ድስቷን ማሰቧን ልብ በሉልኝ። ሰውየው መግሪብ ሰግዶ ተመለሰ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ተቀመጥን። እሱ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ ስፒናውን በእጁ ጀርባ ይነካል። ለምን በጀርባው አልኩት። "በመዳፍ ነክተሽው ቢይዝሽ ጣትሽ ጨብጦት ይቀራል። በጀርባው ከሆነ እጅሽ ወደ ራስሽ ይሸሻል" አለኝ። እንግዲህ ከጉዞው የተማርኩት አንድ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ይሄ ነው።

ቅርብ ያለ ፔንሲዮን ተኛን። ተኛን ስል እነሱ ተኙ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በቴሌግራም ፎቶ ልኮልኛል፤ የመኪናዋ ስክሪን ነው፣ 36 ይላል። ሥሩ "መብራት ሄዶ ነበር፣ አሁን መጥቷል፣ አብሽሪ" ብሎ ጽፏል። ጠዋት እንደነገረኝ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ስለሚዘል ነቅሎ ጠብቆ፣ ሲረጋ መልሶ ሰክቷል። በዚያ ሰዓት! በሆቴሉ ከፍለን ያላገኘነውን እኮ ነው የምላችሁ።

ጠዋት 47 ደርሳለች። ስንት ነው አልኩት። መዳፉን ዘረጋ። ማታ ሲሰካ የቆጣሪውን ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጽፎታል፤ ሲታጠብ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ቀነሰና የመብራቱን ብቻ ተናገረ። ሁለት መቶ ብር አልሞላም። ሌላ ልጨምርለት ስታገል "ሌሊቱን ልሸጥልሽ አይደል የጠራሽኝ" ብሎ እጄን መለሰው። ዝም አልኩ።

ሥራ ልስጠው ብዬ ሐይቅ ስንደርስ ደወልኩለት። አጎቴ ቤት ትክክለኛ መስመር እንዲዘረጋልን። ዋጋውን በስልክ ተናገረ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ፣ ማምሻውን ጨረሰ። የተናገረውን ነው የተቀበለው፤ አንድ ብር አልጨመረም። ሽቦ የገዛበትን ደረሰኝ ሳልጠይቀው ሰጠኝ። ብረቱን ሲቀብር ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው ጨመረበት። እማዬ "ወጥ ሊሠራ ነው" አለች። አጎቴ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ካሳረደው ሳይቀምስ አለቀቀውም። ያ ሶኬት እስካሁን ይሠራል፤ የሠርጉ እንግዶች ሁለት መኪና ሰክተውበታል።

የሄደ ቀን አንድ ነገር መከረኝ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ወሎ ለምትሄዱ ይጥቀማችሁ። ስትመለሺ ደሴ ላይ ጢም አድርገሽ አትሙያት አለኝ። ሐረጎን ስትወርጂ የሚጨምረው መግቢያ ያጣል፣ ፍሬንሽ ብቻ ይለፋል። በ85 ወረድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ 87 ነበርኩ።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቤታችሁን መጀመሪያ ይሄ ሰው ይይላችሁ። በእናታችሁ፣ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ። ቀይ ስለበራም ለማንም 25 ሺህ አትክፈሉ፤ እሱን ጥሩት። መንገደኞችም ብትሆኑ ደውሉለት። ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ዓመታት የሠራ ሰው ነው፣ ብየዳ ቤቱንም የዳቦ ቤቱንም መስመር የዘረጋ ነው አሉኝ ጎረቤቶቹ። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ እሱም አልፈለገም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ፣ እሰጣችኋለሁ። ሥራ ላይ ከሆነ አያነሳም፤ ቆይቶ ግን መልሶ ይደውላል።

እማዬ "ጀሪካኗን ጻፍሽ?" እያለችኝ ነው። ጽፌያለሁ እማዬ።