ስናፕሲድ፦ ሁለት ፎቶ በአንድ ፊት ላይ

የፎቶ ማስተካከያ አፕ ሞልቷል። አብዛኛው ገና ሲከፈት ማስታወቂያ ይደቅንብሃል። ስናፕሲድ ከዚህ ነፃ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። ጎግል ሠሪውን ኒክ ሶፍትዌርን እ.ኤ.አ. በ2012 ገዝቶ አፑን በነፃ ለቀቀው።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ አንድ መሣሪያው ነው፤ ደብል ኤክስፖዠር ስለሚባለው። ሁለት ፎቶ አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል። ብዙ ሰው አንዴ ይነካካውና ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ሲወጣበት ይተወዋል። አልፈርድበትም። መጀመሪያ ያነሳው ፎቶ ለመደረብ የሚሆን አልነበረማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይትን የሚባለው አማራጭ ሁለቱን ፎቶዎች ነጥብ በነጥብ ያነጻጽርና ብሩህ የሆነውን ያስቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው ፎቶ ጎልቶ የሚወጣው የመጀመሪያው በጨለመበት ቦታ ነው። ፊቱ በሙሉ በርቶ ከሆነ መግቢያ የለውም። ጥላው ቀድሞ መሠራት አለበት፤ እሱን ደግሞ መስኮት ይሠራልሃል።

አክስቴን ሳሎን መስኮቱ አጠገብ በጎን አስቀመጥኳትና መጋረጃውን በከፊል ዘጋሁት። አንድ ጉንጯ በራ፣ ሌላው ጨለመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጨለማው በኩል ነጭ ጋቢ ዘርግቼ ብርሃኑን እመልስላት ነበር። ለዚህ ሥራ ግን በጋቢው ፈንታ ጥቁር ሹራብ ሰቀልኩ፤ ጥላው ይበልጥ ጠለቀ። ስክሪኑ ላይ የበራውን ጉንጯን ነካሁና ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። ፎቶውን ሳሳያት፣ «ምነው ልጄ፣ ግማሽ ፊቴን የት አደረስከው?» አለች።

ሁለተኛው ፎቶ የራሷ ሞሰብ ነው፤ ክዳኑን ከላይ ቀጥ ብዬ ያነሳሁት። ላይትን ላይ ሳደርገው የስፌቱ ክብ መስመር ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ የጨለመውን ጉንጯን ዞረው። የበራው ጉንጭ እንዳለ ነው። አንድ ቀይ አክርማ ብቻ ዓይኗ ላይ አረፈ። ለዚህ መፍትሔ አለው፦ ቪው ኤዲትስ የሚባለው የለውጦቹ ዝርዝር ውስጥ ገብቼ፣ ማስኩን (ድርቡ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ሽፋን) ገልብጬ፣ ብሩሹን ድርቡን በሚያጠፋው ዜሮ ላይ አድርጌ ዓይኗን ብቻ ጠረግኩ። በጣቴ ሠርቼው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በነፃ አፕ ይህን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ከቤት ውጭ ደግሞ ሰውየውን በጎን አቁመህ ከጀርባው ነጭ ሰማይ አድርግ። ብርሃኑን ለሰማዩ ስትለካ ፊቱ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል። የቡና ቅጠል ብትደርብበት ቅጠሉ ቅርጹ ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ሰማዩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የክረምት ደመና ለዚህ ሠርግና ምላሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ግን አትልፋ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

የማልወደውም አለ። አድ የሚባለው አማራጭ የሁለቱን ፎቶ ብርሃን ስለሚደምር የእኛን ቆዳ አመድ የነፋበት ያስመስለዋል። አልጠቀምበትም። ኦቨርሌይ ቀለሙን ያከርረዋል፤ መጠኑን ከግማሽ በታች ካላወረድኩት ፊት ያበላሻል። ሌላው ችግር በአንድ ጊዜ የሚደረበው አንድ ፎቶ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ካማረህ የመጀመሪያውን አጽድቀህ መሣሪያውን እንደገና መክፈት ነው። ፎቶውን ቦታው ላይ ማስቀመጥም በሁለት ጣት እየጎተቱና እያዞሩ ስለሆነ፣ ስክሪኑ ትንሽ ለሆነበት ሰው ትዕግሥት ይፈትናል።

ለሠርግ አልበም ብዙ ፎቶ የሚደራርብ ሰው ፎቶሾፑን ይዞ ይቀጥል። ስልክና መስኮት ላለው ሰው ግን ስናፕሲድን ያለማቅማማት አውርድ እለዋለሁ። ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ግማሿን የቆረጥኩት በአድ ምክንያት ነው።