በወገብ የሚታጠቀው ድምፅ ማጉያ፦ ከ64 ተማሪ ጋር ሰባት ወር

ጥቅምት ላይ ድምፄ ተዘጋ። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል በማር አፍልቼ ጠጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት የተማሪ ስም ጠርቼ መጨረስ ሲያቅተኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የድምፅ አውታሬ በጩኸት ብዛት ማበጡን ነገረኝና «መጮኽ አቁሚ» አለኝ።

የማስተምረው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው። ከክፍሎቼ አንዱ፣ 9ኛ «መ»፣ ብቻውን 64 ተማሪ አለው። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከመስኮቱ ማዶ የባጃጅ መንገድ አለ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ መስኮቱን መዝጋት አይታሰብም። እዚያ ቤት ውስጥ ሳይጮኹ ማስተማር እንዴት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

መላውን የነገረኝ አስጎብኚ የሆነ ዘመዴ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ እንግዳ ሲወስድ የሞተሩን ድምፅ የሚያሸንፈው በወገብ በሚታጠቅ ድምፅ ማጉያ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ በ2,300 ብር ገዛሁት። ስፒከሩ መዳፍ ያህላል፣ በቀበቶ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ማይኩ እንደ መነጽር ጆሮ ላይ ይንጠለጠልና በቀጭን ሽቦ ከስፒከሩ ጋር ይገናኛል። በስልክ ቻርጀር ይሞላል። ሳጥኑ ላይ «10 ዋት፣ 10 ሰዓት» ይላል። እኔ ጋ መካከለኛ ድምፅ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው። በቀን ከአራት አምስት ክፍለ ጊዜ ለማይበልጥ፣ እያንዳንዱም 40 ደቂቃ ለሆነ ሰው ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የሚያሳስበኝ ለዚህ ዕቃ ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ ማታ ቤት እንደገባሁ፣ ከእራት በፊት ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ድንቅ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ግን ከግርምት የመጣ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ለመዱት። እኔ ድምፁን ስጨምር እነሱም ወሬያቸውን ጨመሩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባር እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎ ያሳወቀው ነገር ነው፤ ሰው በዙሪያው ድምፅ ሲበዛ ሳያውቀው የራሱንም ከፍ ያደርጋል። የእኔ ተማሪዎች በእልህ ያደረጉት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ክፍል ጸጥ ለማሰኘት የሚገዛ መምህር ካለ ገንዘቡን አያባክን።

እኔ ዕቃውን የወደድኩት በሌላ ምክንያት ነው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን የማዳመጥ ልምምድ እየሰጠሁ ባትሪው አለቀ። የማዳመጥ ጽሑፉ በመምህሩ መምሪያ ላይ ነው ያለው፤ ተማሪው መጽሐፍ ላይ ጥያቄው ብቻ ነው የሚገኘው። መምህሩ ያነባል፣ ልጁ ሰምቶ ይመልሳል። ድምፁ እንደተቋረጠ ከኋላ ያሉት ሁለት ረድፎች ወዲያው ወሬ ጀመሩ፤ የፊቶቹ ግን እየጻፉ ነበር። ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። የክፍሉን አለቃ ጠርቼ መምሪያውን ሰጠሁትና ቆሞ እንዲያነብ አድርጌ እኔ መጨረሻው ዴስክ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጎበዝ አንባቢ ነው፣ ድምፁም ከእኔ ይሻላል። የሰማሁት ግን ባጃጅ፣ የዴስክ መንቋቋትና የሆነ እምምታ ብቻ ነው። ከአሥር ቃል ሦስቱን እንኳ አልያዝኩም፤ ያውም ቀድሜ ያነበብኩት ጽሑፍ ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመት ማስተማሬ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እዚያ የሚቀመጡትን ልጆች ግን አለቃው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ «ረባሽ» ብሎ ስማቸውን ሲዘረዝር ተቀብዬ ስቀጣ ኖሬያለሁ። የሒሳቡም የባዮሎጂውም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ በሆነበት 9ኛ ክፍል፣ እኔን ያልሰማ ልጅ ሌላውንም ትምህርት እንደሚያጣው እያወቅሁ።

ከዚያ በኋላ አጠቃቀሜን ለወጥኩ። ስፒከሩን ከወገቤ ፈትቼ በክፍሉ መሐል፣ ከግድግዳው በኩል ያለ ዴስክ ላይ ማስቀመጥ ፈለግሁ፤ ሽቦው አጭር ነውና አልሆነም። ስለዚህ እኔው መሐል ለመሐል እየተዘዋወርኩ፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አድርጌ፣ ቤት ውስጥ ልጆቼን በማናግርበት ድምፅ ማንበብ ጀመርኩ። በዚያ ወቅት የረባሽ ዝርዝሬ ላይ አሥራ አንድ ስም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስቱ ዝም ብለው መጻፍ ያዙ። አልመከርኳቸውም፣ አልገሠጽኳቸውም፤ ሰሙ፣ በቃ።

ሰባተኛው ልጅ ያሳዝነኛል። ሦስት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ፣ ወላጅ አምጣ ብዬ እናቱን ሥራ አስፈትቻለሁ። ማጉያውም እያለ መልስ አይሰጥም። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ ሳነብ አንገቱን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ሲያስጠጋ አየሁት። በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ በግራው አይሰማኝም» አለኝ። እናቱ ስትመጣ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ይመግል እንደነበር ነገረችኝ። «እኔማ ታውቂያለሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እሱንም ጠየቅሁት። አሁን ፊት ለፊት፣ ቀኙ ወደ እኔ ሆኖ ይቀመጣል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የቀሩት አራቱ ሰምተውም ይረብሻሉ። ለእነሱ ማጉያው አይሠራም፤ እንዲያውም አጠፋዋለሁ። ዴስካቸው አጠገብ ሄጄ፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፣ ምን ላይ እንደደረሱ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ከብዷቸው ነው የማገኛቸው። ይህንን የተማርኩት በስህተት ነው፤ ታኅሣሥ ላይ አንዲት ልጅ ስልክ ስትነካካ አይቼ ስሟን በማይክ ጠራሁት። ክፍሉ ሳቀ፣ ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጅ አላወጣችም። በእንግሊዝኛ ለመናገር እንደሆነ ልጆቹ ድሮም ይፈራሉ፤ አንዱ ቃል ሲሳሳት ሌላው ያሽሟጥጣል። ያንን ፍርሃት በስፒከር ማብዛት ጭካኔ ነው። ዛሬ ደንቤ አንድ ነው፦ ተግሣጽ በማይክ የለም። ልጆች ማይኩን ይዘው እንዲያነቡም የማደርገው መጀመሪያ በጥንድ፣ ቀጥሎ በረድፍ አብረው ካነበቡት በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ባልደረባዬ «በ2,300 ብር ከምትገዢ አርጩሜ ነጻ ነው» ብሎኛል። ከልቡ ነው የተናገረው፣ እኔም ከልቤ መለስኩለት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። ሕጉስ ባይኖር፣ ያ ባንድ ጆሮው የሚሰማ ልጅ ተገርፎ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ እናቱን አያት ነበር?

ጉድለቱን ልናገር። ለቋንቋ መምህር ትልቁ እንከን ቀጫጭን ድምፆችን መዋጡ ነው። «ስ» እና «ፍ» የመሳሰሉት ተነባቢዎች ጉልበታቸው ከፍ ባለው የድምፅ ሞገድ ላይ ነው፤ ይህ ስፒከር ደግሞ በደንብ አያወጣቸውም። በእንግሊዝኛ «ሦስት» እና «ነጻ» የሚሉት ቃላት በዚህ ዕቃ አንድ ሆነው ይወጣሉ። የቃላት አነባበብ ሳስተምር አጥፍቼ፣ አፌን እያሳየሁ፣ በየረድፉ እየሄድኩ ነው የምደግመው። ሁለተኛ፣ ያፏጫል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ወደ ሰሌዳ ዞሬ ስጽፍ ይብሳል። ስፒከሩን ከሆዴ ወደ ጎኔ ካዞርኩትና ማይኩን ከአፌ ፊት ሳይሆን ከከንፈሬ ጥግ፣ ሁለት ጣት አርቄ ካስቀመጥኩት ወዲህ ቀንሷል፤ «ፕ» ስል የሚሰማው እፍታም አብሮ ጠፋ። ሦስተኛ፣ የማይኩ ሽቦ የካቲት ላይ ከአንገቱ ተበጠሰ፤ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ በ150 ብር አስበየድኩት። ከጎን ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው መምህርም ቅሬታ አቅርቦልኛል፣ እውነቱን ነው፤ ግማሽ ላይ ካደረግሁት በኋላ ተስማምተናል።

ዝናብን አያሸንፍም። ሰሞኑን፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ደመናው ተነሥቶ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሙሉ ድምፅ ላይ ቢሆንም እኔም ራሴን አልሰማም። ያኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱም ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ክፍሉም ማንም ዝም በሉ ሳይል ጸጥ ይላል።

ድምፄ ተመልሷል፤ ከጥቅምት ወዲህ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋው አይቆጨኝም። የምትገዙ ካላችሁ ሱቅ ውስጥ አትፈትኑት፤ እዚያ ሁሉም ጥሩ ይሰማል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ መንገድ ዳር አውጡት፣ ባጃጅ ሲያልፍ ጓደኛችሁን አሥር እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ አንድ አንቀጽ አንብቡለትና ምን እንደሰማ ጠይቁት። ማይኩ ከስፒከሩ የሚነቀል መሆኑንም እዩ፤ የእኔው ሲበጠስ ስፒከሩም አብሮ ነው ጠጋኝ ቤት ያደረው፣ በዚያ ቀን ደግሞ አምስት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ።