ሁለት 214 ቁጥር ቤት፦ የወረዳችን አገልግሎት እኔ እንዳየሁት

እኛ ሰፈር «ወረዳ ሄድኩ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የምንለው። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ መታወቂያችንም የቀበሌ መታወቂያ። ስሙ ከተቀየረ ግን ቆይቷል። የኛ ቀበሌ ትንሽ ነበረች። ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀላቅላ ነው የዛሬው ወረዳ የሆነችው። አሁን ደግሞ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር ስለሄደ ሰፈሩ ሳስቷል። ቡና ላይ ስንቀመጥ የሚነሳው ጨዋታ አንድ ነው፦ ይቺ ወረዳስ ከጎኗ ካለችው ጋር ብትጠቃለል አይሻልም? እኔ ሰሞኑን ጉዳይ ገጥሞኝ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

እናቴ አረፈች። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ሐዘንተኛው መለስ ሲል ምስክር ወረቀቱን ላወጣ ሄድኩ።

አዳራሹ ንጹሕ ነው። መቀመጫ አለ፤ ድሮ ግድግዳ ተደግፈን ነበር የምንቆመው። ለየትኛው ጉዳይ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግና ስንት እንደሚከፈል ተጽፎ ተለጥፏል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በትንሿ ቀበሌ ጊዜ ምን ይዘን እንደምንሄድ የምናውቀው ከጎረቤት ጠይቀን ነበር። አንዱ ሠራተኛ ፈቃድ ከወጣ ደግሞ ጉዳያችን እሱ እስኪመለስ ይጠብቃል።

ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም እናቴ፣ ነገ ይምጡ» አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን በዚሁ አለቀ።

በማግስቱ ሲስተሙ መጣ። «የቤት ቁጥር?» አለችኝ። «214» አልኳት። ማህደሩን አምጥታ ከፈተችው። ውስጡ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጉርድ ፎቶ ነው። ልጅቷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። ለካ ቀበሌዎቹ ሲቀላቀሉ ሁለት 214 ቁጥር ቤት አንድ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። የኛ ግን አልተገኘም። ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። እናቴ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችበትን ቤት የሚያውቅ ሰው የጠፋ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ይዛኝ መዝገብ ቤት ወረደች። እዚያ ከድሮው ቀበሌ ጀምሮ የሠሩ ትልቅ ሰው አሉ። ቁጥር አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ የናንተ 214 ከወፍጮ ቤቱ በላይ ነው በታች?» አሉኝ። «በላይ ነው ጋሼ» አልኩ። ተነስተው ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ቢጫ ማህደር መዘዙ። ጀርባው ላይ የድሮዋ ቀበሌ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፏል። ከፈቱት። እናቴ ናት፤ ሹሩባ ተሠርታ፣ ወጣት ሆና። ፎቶው የተያያዘበት ሽቦ ዝጎ ጥጉን ቡናማ አድርጎታል። እዚያው ቆሜ ብዙ አየኋት። አላስቸኮሉኝም።

ታዲያ የድሮዋ ቀበሌ ትመለስ ልል አይደለም። ቀበሌ የመጣው በ1967 ነው፤ በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሆኑ። የኛም ከነዚያ አንዱ ነው። ስኳሩ ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ ነበር፤ ጠቡ የሚታየው በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ። ሊቀመንበሩ ጎረቤት ነው። ለልቅሶና ለደስታ እንዲህ መቀራረብ ጥሩ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ግን የማን ልጅ የት እንደሚያድር የሚያውቀውም ይኸው ቅርብ ሰው ነበር። እናቴ እስክታርፍ ድረስ በቀበሌው በር ስታልፍ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ከሊቀመንበር ጋር የተጣላ ሰው የሚሄድበት ሌላ መስኮት አልነበረውም።

በኋላ ከተማው በ10 ክፍለ ከተማና በ99 ቀበሌ ተከፈለ። በ1999 ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር፤ ለአንድ ቀበሌ ሲካፈል ከ27 ሺህ በላይ ይደርሳል። ያን ያህል ሰው በስም የሚያውቅ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሥራው በሰው ትውስታ ሳይሆን በመዝገብ መሠራት አለበት። መዝገቡ ደግሞ በደንብ መያዝ አለበት።

ለዚህ ነው ወረዳችን ብትጠቃለል የማልቃወመው። ሕዝቡ ላነሰበት ቢሮ ሙሉ ሠራተኛ፣ ኮምፒውተርና ጄኔሬተር ማቆም ከባድ ነው። ግን ማህደሮቹ ከነድሮ ቀበሌያቸው ቁጥር ይመዝገቡ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጡረታቸው ቀርቧል። ሳይወጡ በፊት ከአንዲት ወጣት ጋር ይቀመጡና የሚያውቁትን ያስጽፏት። አዲሱ ቢሮ ከራቀ ደግሞ አንድ መስኮት እዚሁ ይቅርልን። ታክሲ ተጋፍተው መሳፈር የማይችሉ ብዙ እናቶች አሉን።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ከ5 ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ሦስቱ ለአዳራሹና ለተለጠፈው መረጃ፣ ግማሹ ከወንበሯ ተነስታ ይዛኝ ለወረደችው ልጅ ነው።

የምትሄዱ ሰዎች፦ ጠዋት በር ሲከፈት ድረሱ። ፎቶ ኮፒውን ውጭ አንስታችሁ ግቡ። የድሮውን መታወቂያ አትጣሉት፤ የድሮ ቀበሌያችሁ ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነው።